ፎቶው የት ገባ?

በዚህ እትማችን ስለ ጾም ወይም ስለ በዓል ሳይሆን ሁላችሁም በየኪሳችሁ ስለያዛችሁት ስልክ፣ በተለይም በውስጡ ስላለው ሰነድና ስለ አቀማመጡ ልናወጋችሁ አስበናል። ነገሩ ተራ ይመስላል። እኛም ተራ ነገር ይመስለን ነበር፤ አንድ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት በአንዲት እኅታችን ስልክ ላይ አቀርቅረን እስክናመሽ ድረስ።

ይህች እኅታችን ከጅዳ የተመለሰች ናት። በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻዎቹ የሰባት ወራት ደመወዟ ሳይከፈላት ነው የወጣችው። በወር 1,000 ሪያል ሒሳብ 7,000 ሪያል ማለት ነው። ጅዳ የሚኖሩ ሽምግልና የሚያውቁ አንድ የአገራችን ሰው ጉዳዩን ይዘው ከአሠሪዋ ቤተሰብ ጋር ሲነጋገሩላት ቆይተው፣ በማግስቱ ዓርብ ከዐስር ሰላት በኋላ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ለእሷም፦ «ልጄ፣ ባዶ እጄን አልገባም። ኮንትራትሽን፣ መጨረሻ የከፈሉሽን የሐዋላ ደረሰኝና ማዳምሽ ‹እከፍልሻለሁ› ያለችበትን ድምፅ ዛሬ ማታ ላኪልኝ» ብለው ላኩባት። አሠሪዎቿ እስከ ጥር ድረስ ከፍለናል ይላሉ። እሷ ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ሳንቲም አላየሁም ትላለች። ሦስቱም ነገሮች ስልኳ ውስጥ አሉ። መኖራቸውን በእርግጠኝነት ታውቃለች። የት እንዳሉ ግን አታውቅም።

ስልኩን ስንከፍተው ከአራት ሺህ በላይ ፎቶ አገኘንበት።

«ዋናው ወረቀትስ የት ሄደ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱ ሰቢል ነው። በጅዳ ደቡብ በኩል የነበረችውን ይህችን ሰፈር ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ስሟ በዐረብኛ መንገድ ማለት ነው፤ ለአላፊ አግዳሚ በነፃ የሚቀዳ የመንገድ ዳር ውኃም ሰቢል ይባላል። እኅታችንም ከሌሎች አራት ልጆች ጋር እዚያ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ፈቃድ ባገኘችበት ዓርብ እየሄደች ታርፍ ነበር። ሻንጣዋም እዚያው ነበር፤ በማዳሟ ቤት የሚቆለፍ መሳቢያ አልነበራትምና። የጅዳ አስተዳደር ያለ ፕላን የተሠሩ ሰፈሮችን ማፍረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲሆን፣ ከፈረሱት መካከል ሰቢልም አንዷ ሆነች። ጓደኞቿ ክፍሉን ለቅቀው ሲወጡ እሷ ከቤት መውጫ ፈቃድ አላገኘችም። የቻሉትን ይዘው ወጡ። ሻንጣው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መጨረሻው አልታወቀም። ኮንትራቱ እዚያ ውስጥ ነበር። የቀረላት ከዚያ በፊት በስልክ ያነሣችው ፎቶ ብቻ ነው።

ሥራችንን የጀመርነው በደስታ ነበር፤ ምክንያቱም እኅታችን እንደ ብዙዎቻችን ዝርክርክ አይደለችም። ‹ወረቀት› የሚል ፎልደር በስልኳ ከፍታ፣ ፓስፖርቷን፣ የኢቃማዋን ፊትና ጀርባ፣ ቪዛዋን፣ የክትባት ካርዷን በሥርዓት አስቀምጣለች። ዐሥራ አንድ ፎቶ ነው፤ ሁሉም በደንብ ይነበባል። ኮንትራቱ ግን የለም። ሁለት ጊዜ አየነው፤ የለም። ከዚያ አራት ሺሁን ፎቶ ከመጀመሪያው ጀምረን ወደ ታች ማንከባለል ያዝን። የማዳም ልጆች የልደት ኬክ፣ የጓደኛ ሠርግ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ ከአገር ቤት የተላከ የእናት ፎቶ፣ ደግሞ ኬክ። ዓይናችን ደከመ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ኮንትራቱ የተገኘው ‹ብር› በሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ ከሐዋላ ደረሰኞች ጋር ነው። እሷ ራሷ አስታወሰች፦ «የደመወዜ ልክ የተጻፈበት ስለሆነ ነው እኮ እዚያ ያደረግሁት!» አለች። ልክ ናት። ኮንትራት ወረቀት ነው? አዎ። የብር ነገር ነው? እሱም አዎ። ፎልደር ግን አንዱን ምረጪ ይላል። በመረጠችበት ቀን ያሰበችው ስለ ብር ነበር፤ በፈለገችው ቀን ያሰበችው ስለ ወረቀት ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት አለ። ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አሳቡን ይለውጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማውጋት የወደድነው፣ ይህ ችግር ከስልክ ጋር የመጣ አለመሆኑን ነው። ማኅደር የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ለፋይል የምንለው ማኅደር፣ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት፣ በጠፍር ተይዞ ከግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ሰገባ ነው። አንድ ማኅደር አንድ መጽሐፍ ይይዛል። ዳዊቱ በዚያኛው ችንካር፣ ገድሉ በዚህኛው። ዓይኑ የደከመ መሪጌታ እንኳ በጨለማ እጁን ሰዶ ያወጣዋል። የፎልደር መልካምነት ይኸው ነው፤ ቦታውን እጅ ይለምደዋል።

ነገር ግን በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለትና ሦስት ድርሰት አብሮ የሚጠረዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከውጭ ሲያዩት ድርሳነ ሚካኤል ነው፤ ከኋላው ግን መልክዕ አለበት፣ ተአምር አለበት፣ አንዳንዴም በባዶው ቅጠል ላይ የርስት ውል ተጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ሲጀመር፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በየተራቸው ቁጥር እየተሰጣቸው ተነሡ። ፊልሙ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የደከሙት ይህን ለመዘርዘር ነው። ቁጥሩ መጽሐፉ የት እንዳለ ይናገራል፤ ዝርዝሩ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይናገራል። ያለ ዝርዝሩ ቁጥሩ የተቆለፈ ሣጥን ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ዛሬ ታግ የሚባለው ነው። እኛ መለያ እንበለው። ፎልደር ነገሩ የተቀመጠበት ቤት ነው፤ መለያ ግን በነገሩ ላይ የሚለጠፍ ስም ነው። አንድ ሰው በሁለት ቤት በአንድ ጊዜ አይቀመጥም፤ ሁለትና ሦስት ስም ግን ሊኖረው ይችላል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ፎልደርን ትቶ መለያ ይዞ መጣ፤ አንድ ደብዳቤ ‹ደመወዝ›ም ‹ኮንትራት›ም ተብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ደብዳቤው ግን አንድ ነው። ጉግል ፎቶስ በሚባለው ውስጥ ያለው አልበምም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ፎቶ በሦስት አልበም ብታስገቡት ፎቶው ሦስት አይሆንም፤ ቦታም አይበላም። በስልካችሁ የፋይል ማኅደር ውስጥ ግን ያንኑ ፎቶ ወደ ሁለት ፎልደር ከገለበጣችሁት ሁለት ፎቶ ይሆናል፤ ቦታም ይወስዳል።

ወደ ሐሙስ ማታችን እንመለስ። ሁለተኛው የማዳም ድምፅ ነበር። ድምፅ በፎቶ መካከል አይገኝም። ዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶችን ለብቻቸው በራሱ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ስም የሚሰጣቸውም ራሱ ነው። እኅታችን ቀኑን አታስታውስም። ወሩንም አታስታውስም። ተስፋ ቆርጠን ሳለ እንዲህ አለች፦ «ፋሲካን ሳልውል ቀርቼ ሳለቅስ የነበረ ጊዜ ነው። በፋሲካ ማግስት ወይ በማግስቱ። እነሱ ለዒድ ቤት እያስጠረጉኝ ነበር።»

ይኼኔ ነገሩ በራ። የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር፤ በፈረንጅ ሚያዝያ 16 ቀን 2023። ዒድ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ ሚያዝያ 21 ዋለ። ስለዚህ የምንፈልገው በእነዚህ አምስት ቀኖች ውስጥ ነው። የዋትስአፕ ድምፆች ስም በፒቲቲ ይጀምርና ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ያስከትላል። 20230416 ከሚለው ጀመርን፤ 20230418 በሚለው ላይ ድምፁን አገኘነው። ሃያ ሦስት ሴኮንድ ነው። ማዳም በዐረብኛ «ከዒድ በኋላ የአራቱን ወር አንድ ላይ እሰጥሻለሁ፣ አሁን አታስቸግሪኝ» ትላለች። እኅታችን ድምፁን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እኛም ዝም አልን።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ያዳነን ፎልደርም አይደለም፤ በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈው ቀን ነው። ቀኑን ያገኘነው ደግሞ በበዓል ነው። እናንተም እንዲህ ነው የምታስታውሱት። «በሚካኤል ዋዜማ የገባሁበት ቤት» ትላላችሁ፣ «በኪዳነ ምሕረት ቀን የተደወለልኝ»። ስንክሳሩም የተደራጀው እንዲሁ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ በየዕለቱ ነው የሚነበበው፤ ቅዱሱን በስሙ ሳይሆን በቀኑ ነው የምናገኘው።

ችግሩ የእኛ ቀን አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በሳዑዲ ያለ ሰው ሦስት አቆጣጠር ተሸክሞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2024 ለእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር፤ በሂጅራ ደግሞ ረቢዕ አልአወል 8 ቀን 1446። የሳዑዲ መንግሥት በ2023 ለመንግሥታዊ ጉዳዮች በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሠራ ቢወስንም፣ የቆዩ ወረቀቶቻችሁ በሂጅራ የተጻፉ ናቸው። ሂጅራ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም በግምት አይያዝም። ሰዓቱም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ስልኩ 8 ሰዓት ያለው ለእኛ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ምክራችን በፋይል ስም ላይ ሁልጊዜ የፈረንጁን ቀን፣ ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን ጻፉ የሚል ነው። 2023-04-18 ብላችሁ ስትጽፉ ስልኩ ራሱ በተራ ይደረድርላችኋል። ቀኑን ካስቀደማችሁ ግን የጥር 18ም የሰኔ 18ም አንድ ላይ ይሰለፋሉ። በመካከሉ እዝባር አትጠቀሙ፤ ስልኩ አይቀበለውም። ከቀኑ ቀጥሎ የሀገራችንን ወርና ነገሩን በአማርኛ ጨምሩ፦ ‹2023-04-18 ሚያዝያ ደመወዝ ድምፅ ማዳም›። አራት ቃል ናት፤ እያንዳንዷ ቃል መለያ ናት።

ሦስተኛው ደረሰኙ ነበር፤ እኛን ያሳፈረንም እሱ ነው። አሠሪዋ ደመወዟን በሐዋላ በቀጥታ ወደ ደሴ ይልክላት፣ የደረሰኙንም ፎቶ በዋትስአፕ ይልክላት ነበር። እሷም ለእኅቷ አስተላልፋ ከሥሩ «የህዳር ነው፣ ለእማዬ መድኃኒት» ብላ ጽፋለች። ይህን በደንብ ታስታውሳለች። እንግዲያውስ ቀላል ነው ብለን በመፈለጊያው ‹ኅዳር› ብለን ጻፍን። ምንም የለም። ደግመን ጻፍን። የለም። «አጥፍተሽው ይሆናል» እስከ ማለት ደረስን፤ ልጅቱም ልታለቅስ ደረሰች።

በኋላ ነው የገባን። እኛ የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ይዞን በብዙኃኑ ኀ ሳድስ እንጽፋለን፤ እሷ ደግሞ እንደ አብዛኛው ሰው በሃሌታው ‹ህዳር› ብላ ጽፋለች። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። ስልኩ ግን ጆሮ የለውም፤ ኅ እና ህ ለእሱ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ‹ህዳር› ብለን በጻፍን ቅጽበት ደረሰኙ ዱብ አለ። ሊቀ ጠበብት መሆን እንዲህ ባለ ማታ አይጠቅምም።

ስለዚህ ለመለያ የምትጠቀሙበትን ቃል አንድ ጊዜ ወስኑና አትለውጡት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ በእነዚህ ነው የምንጠፋው። ደመወዝ ወይስ ደሞዝ? ኢቃማ ወይስ እቃማ? የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ለመምህራን ተዉት። የትኛውን እንደመረጣችሁ ብቻ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ስምንትና ዐሥር ቃል ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ቃላቱን ማስታወስ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ ሰነድን በሰው ስም ማስቀመጥ ለእኛ አገር ሰው የማያስተማምን መሆኑን በመዝገብ ቤታችን በየጊዜው እናያለን። ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት እኅት የጥምቀት ማስረጃ ስትጠይቀን መዝገቡ የተጻፈው በቀን ተራ ነው፤ እሷ የምትነግረን ስሟን ነው። ስሙም አንድ አይደለም። እናቷ ያወጣችላት አለ፤ የክርስትና ስሟ አለ፤ በፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው አለ፤ ይኸውም ደላላው እንደፈለገ ያደረገው ሊሆን ይችላል። ማዳም የምትጠራት ደግሞ ሌላ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ስም በኢቃማ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ላይ ሌላ ዓይነት ይሆናል። አያት እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት ይይዘናል። አንዷን ልጅ ለማግኘት ሁለት ቀን የፈጀንበት ጊዜ አለ። ከስም ይልቅ ቁጥር ይሻላል። የፓስፖርት ቁጥራችሁና ዐሥር አኃዝ ያለው የኢቃማ ቁጥራችሁ ከማንኛውም ስም በላይ ያገለግላሉ፤ በቃላችሁ ያዟቸው።

«ታዲያ ፎልደር እንተው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። እኛ የደረስንበት ሁለቱን ማጋባት ነው። ፎልደር ሦስት ወይም አራት ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ የትኛው ውስጥ እንደሆነ መገመት ይጀመራል። ‹የእኔ ማንነት›፣ ‹ሥራና ደመወዝ›፣ ‹ሕክምና›፣ በቃ። ፎልደሩን በጥድፊያ ጊዜ እጅ የሚለምደው ማኅደር አድርጉት። ፖሊስ ወይም ጀዋዛት ኢቃማ አምጪ ሲል የሚፈልግ ሰው አያምጥም። ለቀረው ሁሉ ግን፣ ሁለት ቤት ሊኖረው ለሚችለው ለኮንትራቱ፣ ለደረሰኙ፣ ለድምፁ፣ በስሙ ላይ ቃላት ጨምሩበት።

ይህን ሁሉ በስልክ ላይ ስም መለወጥ የሚከብዳችሁ፣ ቴሌግራም ያላችሁ ከሆነ ቀላሉን መንገድ እንንገራችሁ። በቴሌግራም ለራሳችሁ የምትልኩበት ‹ሴቭድ መሴጅስ› የሚባል ቦታ አለ። ፎቶውን ወደዚያ ላኩና ከሥሩ ይህን ምልክት # አስቀድማችሁ ጻፉ፦ #ደመወዝ #ኅዳር2015 #ደረሰኝ። በሌላ ቀን #ደረሰኝ የሚለውን ስትነኩት ደረሰኝ ያላችሁት ሁሉ ይሰበሰባል። በቃሉ መካከል ክፍተት አታድርጉ። በዋትስአፕ ደግሞ ሰነድ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ዶክመንት ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ የሰጣችሁትንም ስም አውጥቶ የራሱን ያወጣለታል።

«አሁን ስልኩ ራሱ በፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባል አይደል?» ያለን ወጣት ነበር። እውነት ነው፤ የፓስፖርት ቁጥር ብትጽፉ የሚያወጡ ስልኮች አሉ። ነገር ግን የተጨማደደ ደረሰኝ፣ በእጅ የተጻፈ አማርኛ፣ የማዳም ድምፅ ሲሆን ይህ ብልሃት ብዙ አያስኬድም። በእሱ የተማመነ ሰው ደግሞ ከአራት ሺህ ፎቶ መካከል ይቀራል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበንን እንናገር። በ2006 ዓ.ም.፣ ማለትም ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ቦሌ ሲወርዱ በእጃቸው የነበረው አንድ ፌስታል ነው። ስልክ ይወሰዳል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል። በዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎልደር የቱንም ያህል ቢያምር አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ሰነዶች ከስልኩ ውጭ አንድ ቦታ ይኑሩ፤ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፣ አገር ቤት ላለች አንዲት ለምታምኗት ሰው ላኩ። ለእሷም ስትልኩ ከሥሩ ጻፉ። እኅታችንን ያዳናት ለእማዬ መድኃኒት ብላ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር አይደለምን?

ስለ ሲም ካርድም እንጨምር። የሳዑዲ ቁጥራችሁ በኢቃማችሁ፣ አንዳንዴም በአሠሪው ስም የተመዘገበ ነው። ከአገሩ ስትወጡ ቁጥሩ ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቴሌግራማችሁና ኢሜይላችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በዚያ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ገብታችሁ የራሳችሁን በር ማንኳኳት ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ወደ ቤተሰብ ቁጥር ቀይሩ፤ የይለፍ ቃሉንም በጭንቅላታችሁ ያዙ። ይህን ባለማድረጋቸው የአምስት ዓመት ደረሰኝ ተዘግቶባቸው የመጡ እኅቶች ገጥመውናል፤ ለእነሱ ልንረዳቸው የቻልነው ነገር የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። የራሳችሁን ሰነድ አስቀምጡ እንጂ የአሠሪን ቤተሰብ፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ፎቶ አታንሡ፤ ‹ማስረጃ ይሆነኛል› ብላችሁም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጫ ያስቀጣል ይላል። የልደት ኬኩ ፎቶ ላይ የቆሙት ልጆች ያሳሰቡን ለዚህ ነው፤ ያን ማታ አብረን አጠፋናቸው። ለፎልደራችሁም ‹ክስ› የሚል ስም አትስጡት። አማርኛ ማዳም ባታነብም የሚያነብላት አይጠፋም።

በቅርቡ ሥራ ለገባችሁ ደግሞ ነገሩ በመጠኑ እየቀለለ ነው። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት መድረክ በኩል በኤሌክትሮኒክስ እንዲከፈል ተደርጓል፤ ለሌሎችም በደረጃ እንዲደርስ ተወስኗል። ክፍያው እዚያ ይመዘገባል። ቢሆንም በየወሩ የገባበትን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቀኑን አስቀድማችሁ፣ በሁለት ቃል ሰይማችሁ አስቀምጡ። የሚወስደው ቡና እስኪፈላ ያህል እንኳ አይደለም።

ያን ዕለት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወደ ጅዳ ላክን። ዓርብ ማታ ሽማግሌው ደወሉ። ኮንትራቱን አሳይተው፣ ደረሰኙ በኅዳር መቆሙን ካስረዱ በኋላ፣ የማዳም የመጀመሪያ ልጅ «እናቴ እንዲህ አላለችም» ብሎ ሊሟገት ሲጀምር ድምፁን ከፈቱለት። የእናቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ሻይ እንዲመጣላቸው አዘዘ። የአራቱ ወር 4,000 ሪያል በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሴ ደረሰ። ስለ ቀሩት ሦስት ወራት፣ ስለ ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ፣ «በእነዚህ ላይ ምን ማስረጃ አላት?» ብለዋል።

አላት። በሰኔ ከዚሁ ልጅ ጋር ስለ ደመወዟ ተጻጽፋለች፤ በዋትስአፕ ነው፤ አላጠፋችውም። የተጻጻፉት ግን ዐረብኛውን በላቲን ፊደል ነው፤ ደመወዝ የሚለውን ‹ራቲብ› የሚለውን ቃል እሱ በፈለገው አጻጻፍ፣ እሷም በፈለገችው ጽፈውታል። እስካሁን ሁለት አጻጻፍ ሞክረናል። ሦስተኛውን ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እንሞክራለን።